የሞተር ልጓም

ገቨርነር የሞተርን ዙር፣ ጭነቱ ሲከብድም ሲቀልም፣ በአንድ ልክ ለማቆየት የተሠራ መሣሪያ ነው። በመኪና ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው የሹፌሩ እግር ነው፤ ዳገት ሲመጣ ነዳጅ ይረግጣል፣ ቁልቁለት ሲሆን ይለቃል። የእህል ወፍጮ፣ የውኃ መሳቢያና የጀነሬተር ሞተር ግን ሹፌር የለውም። ባለቤቱ ካስነሣው በኋላ ወደ ሽንኩርት መደቡ ይወርዳል፣ ወይም ሚዛኑ ጋ ቆሞ እህል ይቀበላል። እሱ ዞር ባለ ጊዜ ነዳጁን የሚረግጥና የሚለቅ ሌላ እግር ያስፈልጋል። ያ እግር ከሞተሩ ጎን ካለች አንዲት ሞላና በሆዱ ውስጥ ከሚሽከረከሩ ትንንሽ ክብደቶች የተሠራ ነው።

ሞላዋን ማጥበቅ ዙሩን ከፍ ያደርገዋል። ብዙ ሞተር የሚሞተውም ነገሩ ይህን ያህል ቀላል በመሆኑ ነው።

በምዕራብ ጎንደር ዞን በመተማ ወረዳ፣ ከሱዳን ድንበር ሳትርቅ የምትገኘው ኮኪት የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ናት። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል፤ ከዚያ የሰሊጥ አጨዳ ይከተላል፤ የቀረው ረጅም በጋ የፀሐይና የአቧራ ነው፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያልፍበት ቀን አለ። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ በአገሬው አጠራር ሳሉጌው፣ በሰሞኑ ሰዉን ያበዛዋል። ሰው ሲበዛ ዱቄት ይፈለጋል፣ ዱቄት ሲፈለግ የወፍጮው ባቡር ከንጋት እስከ ማታ አያርፍም። በዚህ ቆላ ገቨርነር ያላቸው ሞተሮች ወፍጮ ያዞራሉ፣ ከወንዝ ውኃ ይስባሉ፣ መብራት በሌለበት ወይም በጠፋበት ደግሞ ጀነሬተር ያንቀሳቅሳሉ። ባጃጅና ሞተር ብስክሌት ከዚህ ውጭ ናቸው፤ የእነሱ ገቨርነር የነጂው መዳፍ ነው።

የወፍጮ ቤት ሰው ገቨርነርን በዓይኑ ባያየውም በጆሮው ያውቀዋል። ሞተሩ ጭሱ ወደ ውጭ እንዲወጣ ከግድግዳው ማዶ ይተከላል፤ በግድግዳው ቀዳዳ የሚያልፍ ረጅም ቺንጋ ወፍጮውን ያዞረዋል። ወፍጮው ባዶውን ሲዞር የሞተሩ ድምፅ ሥሥና የተዝናና ነው። ፈጪው የማሽላ ጆንያውን ዘንበል ሲያደርግ ድምፁ ለአፍታ ይወድቃል፣ ያጓራል፤ ከጭስ ማውጫው ጠቆር ያለ ጭስ ቡልቅ ይላል፤ ወዲያው ዙሩ ወደነበረበት ይመለሳል፣ ጭሱም ይነጻል። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ወሬያቸውን እንኳ አያቋርጡም። በዚያች ቅጽበት ውስጥ ግን ሞተሩ ዘገም ሲል የሚሽከረከሩት ክብደቶች ወደ መሐል ተሰብስበዋል፣ ሞላዋ አሸንፋ የነዳጁን ዘንግ ስባለች፣ ፓምፑም ለእያንዳንዱ ምት የሚሰጠውን ናፍታ ጨምሯል። ጆንያው ሲያልቅ ነገሩ ይገለበጣል። ዙሩ ሽቅብ ይላል፣ ክብደቶቹ ይበተናሉ፣ ነዳጁ ይቀነሳል።

መሣሪያው ራሱ ትውልዱ ከወፍጮ ነው። በአውሮፓ የነፋስ ወፍጮዎች ላይ ነፋሱ በበረታ ቁጥር ድንጋዩ ከልኩ በላይ እየፈጠነ ዱቄቱን ያበላሽ ነበር፤ ፈጪዎቹ በሚሽከረከሩ ኳሶች አማካይነት በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ያለውን ክፍተት የሚያስተካክል ዘዴ አበጁ። እንግሊዛዊው ቶማስ ሚድ ለነፋስ ወፍጮ በሠራው እንዲህ ያለ መሣሪያ ላይ የባለቤትነት መብት ያገኘው በ1787 እ.ኤ.አ. ነው። በዓመቱ በ1788 ጄምስ ዋት ሐሳቡን ወስዶ ከእንፋሎት ሞተሩ ጋር አገናኘው። በ1868 ደግሞ የፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል አንዳንድ ገቨርነር ዙሩን ከማርጋት ይልቅ ለምን ሽቅብ ቁልቁል እንደሚያዋልለው በሒሳብ አሳየ፤ ያ ጽሑፍ ዛሬ የቁጥጥር ሳይንስ ከሚባለው ዘርፍ መነሻዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። የቆላ መካኒክ ማክስዌልን ባያነብም ችግሩን ያውቀዋል። ጭነት ሳይኖርበት “ው…ው…ው” እያለ ከፍ ዝቅ የሚል ሞተር ሲመጣለት እጁ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሞላዋና ወደ ቀጭኗ ዘንግ ነው፤ ወይ ሞላዋ ላልታለች፣ ወይ ዘንጓ ትይዛለች።

በኢትዮጵያ ገጠር ስሙ ከወፍጮ ጋር የተቆራኘው ሊስተር ዘገምተኛ ሞተር ነው። ዲርስሊ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ከ1930ዎቹ መግቢያ ጀምሮ እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ድረስ የተሠራው፣ ኋላም የህንድ ፋብሪካዎች በብዛት የገለበጡት ባለ አንድ ሲሊንደር ሊስተር 6 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው በደቂቃ በ650 ዙር ነው። ይህ ሞተር ለርዕሰ ጉዳዩ ጥሩ ማስረጃ ይዟል፤ ፋብሪካው ራሱ ዙሩን ጨምሮበታልና። ያው ሞተር በ850 ዙር እንዲሠራ ተደርጎ 8 የፈረስ ጉልበት ያለው ተብሎ ተሸጧል። የፒስተኑ ምልልስ 139.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ በ650 ዙር አማካይ የፒስተን ፍጥነቱ በሰከንድ 3 ሜትር፣ በ850 ደግሞ 4 ሜትር ገደማ ይመጣል። ሁለቱም ለብረት ቀላል ፍጥነቶች ናቸው፤ ሊስተር ሲሠራ ብዙ ትርፍ ጥንካሬ ተትቶለት ነበር።

ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት ሞተሮች እንዲህ ዓይነት ትርፍ የላቸውም። በገጠር በብዛት የሚታወቀው የቻይናው ኤስ 195 ናፍታ ሞተር በ2,000 ዙር ይሠራል፤ ምልልሱ 115 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ፒስተኑ በሰከንድ 7.7 ሜትር ይሮጣል። ለጆሮ ከትንሹ የቤንዚን ሞተር የዘገየ ይመስላል፤ ፒስተኑ ግን የበለጠ ይፈጥናል። በጆሮ ብቻ “ይሄ ገና ብዙ ይችላል” የሚል ፍርድ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው።

በወንዝ ዳር የሚታየው ትንሽ የውኃ መሳቢያ ሞተር የገቨርነሩ አሠራር ገሃድ የወጣበት ነው። የጃፓኑ ሆንዳ ጂ ኤክስ 160ም ሆነ እሱን አስመስለው የተሠሩት የቻይና ሞተሮች በመሠረቱ አንድ ናቸው። የሆንዳው 163 ሲሲ ነው፤ ሲሊንደሩ 68 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፣ የፒስተኑ ምልልስ 45 ሚሊ ሜትር ነው፤ 4.8 የፈረስ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ በ3,600 ዙር ነው። በሆዱ ውስጥ በዘይት መካከል የምትዞር ትንሽ ማርሽ አለች፤ በላይዋ እንደ ክንፍ የሚከፈቱ ክብደቶች ተቀምጠዋል። ክብደቶቹ ሲከፈቱ መሐል ያለችውን ቁራጭ ይገፋሉ፤ እሷ ከሞተሩ ግድግዳ ወደ ውጭ የሚወጣውን ቀጭን ዘንግ ታዞራለች፤ በዘንጉ ጫፍ በዳዶ የታሰረው ረጅም ክንድ ደግሞ የካርቡሬተሩን በር ይዘጋል። በተቃራኒው ሞላዋ ክንዱን ወደ መክፈቻው ትስባለች። ሞተሩ የሚረጋው ሁለቱ እኩል በሚጎተቱበት ዙር ላይ ነው። ተጠቃሚው የነዳጅ እጀታውን ሲያንቀሳቅስ በሩን በቀጥታ የሚከፍት ይመስለዋል፤ የሚያደርገው ግን ሞላዋን መወጠርና ማላላት ብቻ ነው።

“ዙሩን ጨምርልኝ” ሲባል እንግዲህ የሚነካው ይህች ሞላ ናት። አንዱ የእጀታውን ማቆሚያ ቪቲ ፈትቶ ወደኋላ ይመልሰዋል። ሌላው የሞላዋን መንጠቆ ክንዱ ላይ ወዳለ ሌላ ቀዳዳ ያዛውራል፣ የቆርቆሮዋን ጆሮ በፒንሳ ያጎብጣል፣ ወይም ከአሮጌ ዕቃ ላይ ጠንከር ያለች ሞላ ፈልጎ ይተክላል። ትዕግሥት ያጣው ክንዱን በሽቦ ጠፍሮ ያስረዋል፤ ይህ የመጨረሻው ገቨርነሩን ማስተካከል አይደለም፣ ማንሣት ነው።

እዚህ ላይ በጥቂት ሒሳብ የሚታይ ነገር አለ። የሚሽከረከር ክብደት ወደ ውጭ የሚገፋበት ኃይል የሚያድገው ከዙሩ ጋር እኩል ሳይሆን ከዙሩ ስኩዌር ጋር ነው። ስለዚህ ዙሩን በ10 በመቶ ለማሳደግ የሞላዋ ጉተታ በ21 በመቶ መጨመር አለበት፤ ጉተታዋ እጥፍ ቢሆን 3,600 የነበረው ዙር ወደ 5,100 ገደማ ይደርሳል እንጂ 7,200 አይሆንም። ይኸው ሕግ በሞተሩ ሆድ ውስጥም ይሠራል። ፒስተኑ በላይኛው ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች ሲመለስ ከክራንኩ ጋር የሚያገናኘውን ክንድ፣ ቢየላውን፣ የሚጎትትበት ኃይል በተመሳሳይ መንገድ ከዙሩ ስኩዌር ጋር ያድጋል። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያስቀምጧቸው በሞላዋ ጉተታ ላይ በመቶኛ የተጨመረው ያህል በቢየላውም ላይ ይጨመራል። ሞላዋን እጥፍ ያጠበቀ ሰው የቢየላውንም መጎተት እጥፍ አድርጎታል። በእጁ ላይ የሚሰማው የአንዲት ቀጭን ሞላ ጥንካሬ ስለሆነ ነው ነገሩ ቀላል የሚመስለው።

ቢየላው ደግሞ የአሉሚኒየም ነው። በእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ብሮንዚና የለውም፤ አሉሚኒየሙ ራሱ በክራንኩ ላይ ይሽከረከራል። የዘይት ፓምፕም የለም። በቢየላው ጫፍ ያለች ማንኪያ የምትመስል ምላስ በእያንዳንዱ ዙር ዘይቱን እየጠለፈች ትረጫለች፤ ጠቅላላ ዘይቱ 0.6 ሊትር ገደማ ነው። ዙር ሲጨምር ሙቀት ይጨምራል፣ የጋለ ዘይት ይቀጥናል፣ የቀጠነ ዘይት በሁለቱ ብረቶች መካከል መቆም ያቅተዋል። መጨረሻው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ቢየላው ይቆረጥና የሞተሩን ሆድ ቀዶ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚጠገን ነገር የለም፤ የቀረው ካርቡሬተሩንና ካንዴላውን ለሌላ ሞተር ማውጣት ነው።

የቫልቭ ሞላዎችም የራሳቸው ወሰን አላቸው። ከልክ ባለፈ ዙር ቫልቩ ተዘግቶ ሳያበቃ የሚቀጥለው ምት ይደርስበታል፤ ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ጉልበቱም ይወርዳል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ከባዱ መንኮራኩር፣ ቮላኖው ነው። ተራ ብረት ቀልጦ የተሠራ ቮላኖ ከተነደፈለት ዙር በላይ ሲሽከረከር ሊፈነዳ ይችላል፤ ፍንጣሪው ከቆርቆሮ ሽፋኑ አልፎ ይሄዳል። ባሕር ማዶ እነዚህኑ ትንንሽ ሞተሮች በልጆችና በወጣቶች የውድድር ጋሪ ላይ የሚገጥሙ ሰዎች ገቨርነሩን ያነሣሉ። የሚያነሡት ግን ቢየላውን በጠንካራ፣ ቮላኖውን ለዚያ ዙር በተሠራ፣ የቫልቭ ሞላዎቹን በደንዳኖች ከቀየሩ በኋላ ነው፤ ሞተሩም የሚሮጠው ለጥቂት ደቂቃ ነው፣ ከውድድሩ በኋላ ይፈታል። በጓንግ ወይም በገንዳ ውኃ ወንዝ ዳር ያለ ሞተር ከጠዋት እስከ ቀትር ሳያቋርጥ ይሠራል። ሁለቱን ማወዳደር የፈረስ ጉግስንና የበሬ ውሎን እንደማወዳደር ነው።

አብዛኛው ጥያቄ የሚመጣው ከውኃ መሳቢያ ነው። ወንዙ በበጋ ይወርዳል፣ ገደሉ ይረዝማል፣ በመደቡ ላይ የሚፈሰው ውኃ ይቀጥናል፤ ባለቤቱም ሞተሩ የደከመ ይመስለዋል። የሚሽከረከር ፓምፕ ጠባይ በሦስት ደረጃ ይገለጻል። የውኃው መጠን ከዙሩ ጋር እኩል ያድጋል፤ የሚገፋበት ከፍታ ከዙሩ ስኩዌር ጋር ያድጋል፤ የሚጠይቀው ጉልበት ግን ከዙሩ ኪዩብ ጋር ነው የሚያድገው። በሌላ አነጋገር 10 በመቶ ዙር የጨመረ ሰው 10 በመቶ ተጨማሪ ውኃ ያገኛል፣ ሞተሩ ግን 33 በመቶ ተጨማሪ ጉልበት ይጠየቃል። ቤንዚኑም በዚያው መጠን ይጠጣል። በኮኪት በኩል ቤንዚን ሁልጊዜ እንደልብ እንደማይገኝ ለሚያውቅ ሰው ይህ ንግድ አያዋጣም።

ከዚህም ሌላ ፓምፕ ውኃን ከታች የሚስበው ራሱ አይደለም፤ የሚገፋለት የአየር ግፊት ነው። በ700 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ ባለው የመተማ ቆላ ያ ግፊት በሐሳብ ደረጃ ውኃን እስከ 9.5 ሜትር ያነሣል፤ በተግባር 7 ሜትር ከደረሰ ጥሩ ነው። አዲስ አበባ ላይ የሐሳቡ ልክ ራሱ ከ8 ሜትር በታች ነው። ገደሉ ከዚህ ካለፈ ዙር ቢጨመር ውኃው አይጨምርም፤ ፓምፑ ውስጥ ጠጠር የሚንቃቃ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ጠጠር ግን የለም፤ ውኃው በመሳቡ ብዛት እየተቆራረጠ አረፋ እየሠራ፣ አረፋው እየፈነዳ የፓምፑን ምላስ እየበላው ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ሞተሩን ከገደሉ አንድ ሁለት ሜትር ማውረድ ነው። ደረጃ ቆፍሮ፣ ድንጋይ ደልድሎ ወደ ውኃው ያስጠጋው ገበሬ ሞላ ካጠበቀው ጎረቤቱ የበለጠ ውኃ ያገኛል፤ የመግፊያው ጎማ ረጅም ቢሆንም ችግር የለውም፣ የመሳቢያው ነው አጭር መሆን ያለበት።

ጥፋቱ የገቨርነሩ ነው ወይስ የሌላ የሚለውን ለመለየት በአንድ ጣት የሚደረግ ፍተሻ አለ። ሞተሩ በሙሉ ጭነት ላይ እያለ፣ ልብስና እጅጌ ከሚዞረው አካል ርቆ፣ የገቨርነሩን ክንድ ነዳጅ ወደሚከፍትበት አቅጣጫ በቀስታ ገፋ ማድረግ ነው። ክንዱ ሄዶ ዙሩ ከፍ ካለ፣ ገቨርነሩ ከልክ በታች ይዞት ነበር ማለት ነው፤ ሞላዋ አርጅታ ላልታለች ወይም ክንዱ በቦታው አልታሰረም። ክንዱ ቀድሞውኑ ጫፍ ላይ ደርሶ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ግን ገቨርነሩ ያለውን ሁሉ ሰጥቷል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ሞተሩ ግን አልቻለም። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ ሞላ ማጥበቅ ደክሞት የቆመን በሬ ደጋግሞ እንደመግረፍ ነው። በቆላው አቧራ የታፈነ ፊልትሮ፣ ያለቀ ፋሻ፣ የሚያፈስ ቫልቭ፣ በናፍታው ላይ ደግሞ የሚያንጠባጥብ ኖዝል፣ በፓምፑ በኩል አየር የሚያስገባ የመሳቢያ ጎማ፣ እነዚህ መጀመሪያ ይታያሉ። ከአሥር “ዙር አነሰኝ” ባዮች ስንቱ ጉልበት እንጂ ዙር እንዳላነሰው መካኒኮቹ ያውቁታል፤ ሞላ ማጥበቅ አምስት ደቂቃ፣ ፋሻ መቀየር ግን ቀን ስለሚፈጅ ነው ዝም የሚሉት።

ከፍታም በዚህ ጉዳይ እጁ አለበት። እንደ ሆንዳ መመሪያ ከሆነ የእነዚህ ሞተሮች ጉልበት በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3.5 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ከ2,100 ሜትር በላይ ባለችው ጎንደር ላይ ሩብ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣ ሞተር ወደ መተማ ሲወርድ ከጠፋው አብዛኛውን መልሶ ያገኛል፤ የቆላው ሙቀት አየሩን እያቀጠነ ጥቂቱን ቢወስድበትም። ነገር ግን ለደጋው ስስ አየር ሲባል ካርቡሬተሩ ነዳጅ እንዲቀንስ የተደረገ ሞተር እንዳለ ወደ ቆላ ከወረደ፣ ለወፍራሙ አየር ነዳጁ አይበቃውም፤ ይግላል። በደጋ ካስተካከለው ሰው እጅ የተገዛ ሞተር ኮኪት ሲደርስ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የካርቡሬተሩ መታየት ነው። የማቀዝቀዣ ክንፎቹን የሸፈነውን የሰሊጥ ገለባና የጥጥ ብናኝ መጥረግም ከዚያ አያንስም። በ40 ዲግሪ ሙቀት በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ሌላ መተንፈሻ የለውም።

በጀነሬተር ላይ ዙር መጨመር ጭራሽ ትርጉም የለውም። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ ትንንሾቹ ጀነሬተሮች ያንን የሚሰጡት በትክክል በ3,000 ዙር ነው። ዙሩ 3,300 ቢደርስ ኸርዙ 55 ይሆናል፤ ቮልቱን በካፓሲተር በሚያስተካክሉት ርካሽ ጀነሬተሮች ላይ ደግሞ ቮልቱም አብሮ ይወጣል። አምፖሉ ለጊዜው ይደምቃል፤ ቀጥሎ የሚሞቀው የማቀዝቀዣው ሞተር ነው። በእነዚህ ላይ ገቨርነሩ ያለ ጭነት ወደ 52 ኸርዝ ገደማ እንዲሆን ይተዋል፣ ጭነት ሲመጣ ወደ 50 እንዲወርድ። ሁሉም እንዲህ ያለ ገቨርነር ጭነት ሲከብድበት ጥቂት ዙር ይለቃል፤ ያ ጉድለት አይደለም፣ ክብደቶቹ ጭነቱን የሚያውቁት በዚያች ጥቂት መውረድ ብቻ ነው።

ወፍጮን ማፍጠን የፈለገ ሰው ሞተሩን ሳይነካ የሚያደርግበት መንገድ ፑሌጃ መቀየር ነው። ሞተሩ በ650 ዙር እየሠራ በ32 ሴንቲ ሜትር ፑሌጃ 20 ሴንቲ ሜትር ፑሌጃ ያለውን ወፍጮ ቢያዞር ወፍጮው 1,040 ዙር ይዞራል፤ የወፍጮው ፑሌጃ በ18 ሴንቲ ሜትር ቢተካ ወደ 1,155 ይወጣል። ሞተሩ ላይ ቢየላም ቮላኖም ከልኩ አያልፍም፤ ቢበዛ ጭነቱ ከብዶበት ይጮሃል፣ ያንን ደግሞ ጆሮ ይሰማዋል። ድንጋዩ ግን ወሰን አለው፤ የወፍጮው ሠሪ ከጻፈው ዙር በላይ የሚሽከረከር ድንጋይ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከዚያም በፊት ዱቄቱ ግሎ ይወጣል። እጅ የሚያቃጥል ዱቄት ጠረኑ ይለወጣል፣ በጆንያ ሲቀመጥ ቶሎ ይበላሻል፤ አስፈጪዋም ወደ ሌላ ወፍጮ ቤት ትሄዳለች።

በናፍታ ሞተር ላይ ገቨርነርን ማላቀቅ ከቤንዚኑ ይለያል። የቤንዚን ሞተር አየሩ በካርቡሬተሩ በር ይገደባል፤ ናፍታ ሞተር ላይ እንዲህ ያለ በር የለም፣ ዙሩን የሚይዘው የነዳጁ መጠን ብቻ ነው። የነዳጁ ዘንግ ሙሉ በተከፈተበት ቢጣበቅ ወይም ከገቨርነሩ ቢላቀቅ፣ ጭነት የሌለው ሞተር በራሱ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ይሄዳል። የሊስተር ከባድ ቮላኖዎች በዚያ ሁኔታ ላይ እያሉ ማንም አጠገባቸው መቆም የለበትም። ነዳጁን መዝጋት፣ የመጨቆኛ መልቀቂያ እጀታ ካለው ማንሣት፣ ካልሆነም የአየር መግቢያውን በጣውላ ወይም በወፍራም እርጥብ ጆንያ መድፈን ነው። በእጅ መዳፍ መድፈን አይሞከርም።

የላላን ገቨርነር ወደ ልኩ መመለስ ግን ተገቢ ሥራ ነው፤ መካኒክም ሊያውቀው ይገባል። በትንሹ የቤንዚን ሞተር ላይ መጀመሪያ ክንዱን ከዘንጉ ጋር ያሰረው ዳዶ ይላላል፤ የካርቡሬተሩ በር ሙሉ እስኪከፈት ክንዱ ይገፋል፤ ዘንጉ ራሱ በፒንሳ ተይዞ በዚያው አቅጣጫ እስኪቆም ይዞራል፤ በዚህ ላይ እያለ ዳዶው ይጠብቃል። ሞላዋ የምትታየው ከዚህ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ፣ ማለትም ክንዱ ሳይስተካከል ሞላዋ ስትጠብቅ፣ ዙሩ ባዶውን ልክ መስሎ ጭነት ላይ ይወድቃል፤ ያኔ ባለቤቱ ተመልሶ መጥቶ “አሁንም ጨምርልኝ” ይላል።

ዙሩን ሳይለኩ ማስተካከል በጭፍን መሄድ ነው። የዙር መቁጠሪያ የሌለው መካኒክ ሌላ ዘዴ አለው። በጀነሬተር ላይ ኸርዝ የሚያነብ መልቲሜትር ሰክቶ ያገኘውን ቁጥር በ60 ቢያባዛ የ3,000 ዙሩን ሞተር ዙር ያገኛል። በወፍጮ ቤት ደግሞ ቺንጋው ራሱ ይቆጥርለታል። በቺንጋው ጠርዝ ላይ በነጭ ቀለም አንድ መስመር ይደረጋል፤ የሞተሩ ፑሌጃ 32 ሴንቲ ሜትር፣ ቺንጋው 6.5 ሜትር ከሆነ፣ በ650 ዙር ያ ነጭ መስመር በአንድ ነጥብ በኩል በደቂቃ 100 ጊዜ ያህል ያልፋል። በሩቁ ቆሞ ሰዓት ይዞ መቁጠር ይቻላል። 131 ከደረሰ ሞተሩ በ850 እየሮጠ ነው።

ልኩ በሞተሩ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። ዙሩ የሚወሰደው ሞተሩ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ሠርቶ ከሞቀ በኋላ ነው፤ አንድ ጊዜ ባዶውን፣ አንድ ጊዜ በጭነት። ከዚያ የማስተካከያው ዳዶ ይጠብቅና ከሞተሩ አካል ጋር የሚያገናኘው የቀለም ጭረት ይደረግበታል። ቀለሙ ተሰንጥቆ ከተገኘ ሞላዋን ሰው ነክቷታል።